ልጅ ያቦካው ለእራት ሲበቃ

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ልጃችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ «ፍልስፍና ክፍል ገባሁ» ቢላችሁ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ምንድን ነው? «እንኳን ደስ አለህ» ነው ወይስ «አይዞህ»?

እኛ ቤት የወጣው «አይዞህ» ነበር።

እሑድ ከሰዓት ነው። እማዬ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ፈንዲሻ እዘግናለሁ፣ አባባ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ታናሽ ወንድሜ አንደኛ ዓመትን ጨርሶ የትምህርት ክፍል ምደባ የወጣበት ሰሞን ነበር። «ፍልስፍና ነው» አለ። እማዬ ከረከቦቱ ቀና ሳትል «አይዞህ የእኔ ልጅ፣ የደረሰህን በጸጋ መቀበል ነው» አለችው።

«አልደረሰኝም እማዬ፤ መርጬው ነው። አንደኛ አድርጌ የሞላሁት እሱን ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሂሳብ ሠራተኝነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ጥያቄውን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ አቀረቡት፤ «ለመሆኑ ምን ሊበላበት ነው?»

እኔ የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ የማርኬቲንግ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ሳላስብ አፌ ላይ የመጣልኝን ቀልድ ተናገርኩ፤ «ገበያ የሌለው ምርት ነዋ!» አባባ ሳቁ፣ እማዬም ፈገግ አለች። ወንድሜ ግን ሲኒውን አስቀምጦ ወጣ። ያቺ ቀልድ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

ያልተጠበቀው ጥያቄ

ወንድሜን ለዚህ «ያበቃው» አንድ ኮርስ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያላችሁ እንደምታውቁት፣ አንደኛ ዓመት ላይ ኢንጂነርም መሆን የሚያልመው፣ ሕግም የሚመኘው አብሮ የሚወስደው የሎጂክና የክሪቲካል ቲንኪንግ ትምህርት አለ። ብዙው ተማሪ ፈተናውን አልፎ ይረሳዋል። የእኛው ልጅ ግን እዚያው ቀረ። ቤት ሲመጣ ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ አመክንዮ እየለቀመ ያስቀን ነበር። ከተለቀሙት አንዱ እኔ የሠራሁት ማስታወቂያ መሆኑን ብቻ አልነገርኩትም።

ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ከሦስት የክፍል ጓደኞቹ ጋር አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። በሰፈራችን ካለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 25 ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለ12 ሳምንት መሰብሰብ ይፈልጋሉ። ሊያስጠኗቸው አይደለም። ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ላይ ሊወያዩ ነው። ሁሉን እኩል መካፈል ሁልጊዜ ፍትሕ ነው? ጓደኛን ላለማስቀየም መዋሸት ይፈቀዳል? ልጆቹ ሐሳባቸውን በምክንያት ማስደገፍ፣ የሌላውን ማዳመጥ፣ ሲሳሳቱም ሳያፍሩ ሐሳብ መለወጥ ይለማመዳሉ።

«ይሄን ከየት አመጣችሁት?» አልኩት። ለካ ዓለም የሚያውቀው ሥራ ነው። ማቲው ሊፕማን የሚባል አሜሪካዊ የፍልስፍና መምህር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ አመዛዝኖ ማሰብ ሲቸግራቸው ያይና ነገሩ በልጅነት መጀመር እንደነበረበት ያምናል። ከዚያም ለልጆች የሚሆን የፍልስፍና ልብ ወለድ ይጽፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሞንትክሌር የልጆችን ፍልስፍና የሚያስፋፋ ተቋም ይመሠርታል። ዛሬ ዘዴው በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

ለእኛም ባዕድ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር፣ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ተረትና ዘፈን ሰብስበው ጥበቡን መርምረዋል። ወንድሜና ጓደኞቹም የመወያያ ርዕሳቸውን ከተረትና ምሳሌ ሊወስዱ አስበው ነበር።

ሐሳቡ አማረ። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ መጣ። «ገንዘብ የለንም» አለኝ። «አንቺ ደግሞ ስፖንሰር የሚሰጡ ሰዎች ጋ ነው የምትውይው። ደብዳቤ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

የእኔ መሳቢያ

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ስፖንሰር ከሚሰጡት ሰዎች ጋ የምውል ብቻ አይደለሁም፤ የስፖንሰር ደብዳቤ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔው ጠረጴዛ ላይ ነው። በሳምንት ጥቂት ይመጣሉ። የሩጫ፣ የምረቃ፣ የመጽሔት፣ የበጎ አድራጎት። ሥራዬ አንብቤ ለአለቃዬ ማቅረብ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙዎቹን የማነበው ሎጎውንና የመጨረሻውን መስመር፣ ማለትም የብሩን መጠን ብቻ ነበር። የቀሩት ወደ መሳቢያ ይገባሉ።

ወንድሜ በጠየቀኝ ማግስት ቢሮ ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ተማሪዎች የመጣ አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። ማረሚያ ቤት ውስጥ የንባብና የውይይት ቡድን ለመጀመር መጻሕፍት መግዣ ይጠይቃል። የተጻፈው ከሰባት ወር በፊት ነው። መልስ አልሰጠሁትም። «አንችልም» የምትል አንዲት መስመር እንኳን አልጻፍኩላቸውም።

እነዚያም ልጆች እኮ የሰው ወንድምና እህት ናቸው። ቤታቸው «ምን ሊበላበት ነው» ሲባል ሰምተው፣ ወደ እኛ ደብዳቤ ሲያስገቡ ደግሞ ዝምታ ጠበቃቸው። የትምህርት ክፍላቸውን ስም አይቼ ነው ያለፍኳቸው። ልክ እንደዚያ እሑድ።

ለወንድሜ ከእኔ መሥሪያ ቤት ገንዘብ መጠየቅ አልችልም፤ የራሴን ወገን መጥቀም ይሆናል። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ለምን መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀሩ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደብዳቤው ለምን ይወድቃል?

የወንድሜ የመጀመሪያ ጽሑፍ ስድስት ገጽ ነበር። ሦስቱ ገጽ ስለ ሶቅራጥስ ያወራል። የልጆቹ ቁጥር ያለው አምስተኛው ገጽ ላይ ነው።

እኔ ደግሞ በተራዬ አበላሸሁት። ወደ ማስታወቂያ ለወጥኩት። «ትውልድን የሚቀይር ታላቅ ንቅናቄ» አልኩ። ባነር ጨመርኩ፣ ቲሸርት ጨመርኩ፤ በጀቱን 38,000 ብር አደረስኩት። በዚህ መልኩ ለሦስት ድርጅቶች ገባ። ሁለቱ ዝም አሉ፤ አንዱ «ለጊዜው አልተመቸንም» አለ። ወደ ውጭ ከተላኩት ሁለት ማመልከቻዎች አንዱ መልስ አላገኘም፣ ሌላው በትሕትና «አይሆንም» ተባለ። ወንድሜ ያን ሰሞን ዲፓርትመንት ልቀይር ይሆን እያለ ማውራት ጀምሮ ነበር።

ነገሩን ያዳኑት ያልጠበቅናቸው ሰው ናቸው። አንድ ምሽት ወረቀቱ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ አባባ አገኙት። ሶቅራጥስን አለፉት፤ ንቅናቄውንም አለፉት። ሰንጠረዡ ላይ ሲደርሱ ግን እስክሪብቶ አወጡ። ለዓመታት እጃቸው የለመደው ሥራ ነው። ጠዋት ወንድሜን ጠሩት፤ ስለ ፍልስፍና ከዚያ እሑድ ወዲህ በቀጥታ ሲያናግሩት የመጀመሪያቸው ነበር።

«ይሄ ቲሸርት ለማን ነው?»

«ለ... ለልጆቹና ለእኛ።»

«ልጆቹ የሚያስቡት በቲሸርት ነው?»

እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ አንገቴን ደፋሁ።

ባነርና ቲሸርት፣ 16,500 ብር፣ ተሰረዘ። የቀረው 21,500 ሆነ። ደብተርና እስክሪብቶ 6,000፤ ፎቶ ኮፒ 3,500፤ ለ12 ቅዳሜ ሻይና ዳቦ 9,600፤ ለአራቱ ተማሪዎች የታክሲ 2,400። አባባ ከሥር አስምረው «አሁን ይሄ ሂሳብ ይዘጋል» አሉ።

ከዚያ ሦስታችን ተቀምጠን በአንድ ገጽ ጻፍነው። የልጆቻችሁን ማመልከቻ ስታዩ እንዲጠቅማችሁ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው የሚፈልጋቸውን አራት መልሶች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ማን ይጠቀማል? «ኅብረተሰቡ» አትበሉ፤ «በዚህ ትምህርት ቤት ያሉ 25 የአራተኛ ክፍል ልጆች» በሉ።

ሁለተኛ፣ ምን ይደረጋል? ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ኃላፊው።

ሦስተኛ፣ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ወንድሜ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቅዳሜ ልጆቹ ስንት ጊዜ «ምክንያቱም» ብለው እንደሚናገሩ እንቆጥራለን ብሎ ጻፈ። በማርኬቲንግ ሕይወቴ ካየኋቸው መለኪያዎች ሁሉ ይሄን ወደድኩት።

አራተኛ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይቀራል? እነሱ ጥያቄዎቹን በትንሽ ጥራዝ አዘጋጅተው ለትምህርት ቤቱ መምህራን ሊያስረክቡ ተስማሙ።

ገንዘቡ የት ነው ያለው?

በዚህ ፍለጋ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ «ለፍልስፍና ተማሪዎች» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር ብዙም አለመኖሩን ነው። ገንዘቡ ያለው ሰላም፣ ንባብ፣ ወጣት፣ ማኅበራዊ ፈጠራ በሚሉ ስሞች ሥር ነው። የፍልስፍና ተማሪ ጥያቄውን ወደ ሥራ ከለወጠው በእነዚህ በሮች መግባት ይችላል።

ከቤት እንጀምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ ሦስተኛ ተግባራቸው የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። ጥሬ ገንዘብ ባይሰጡ እንኳ ወረቀት፣ ክፍል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ሊሰጡ ይችላሉ። የተማሪዎች ቡድን ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው ብዙ ለጋሾች ገንዘቡን የሚረከብ ተቋም ይጠይቃሉ፤ ዲፓርትመንቱ ወይም የተመዘገበ ድርጅት ከጎን መቆሙ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ሁለተኛው የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት በጀት ነው። የውስጥ አዋቂ ምክር ልስጣችሁ፤ የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅቶች የሚቀጥለውን ዕቅድ የሚያዘጋጁት ከዚያ በፊት ነው። ደብዳቤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቢገባ ዕቅድ ውስጥ የመግባት ዕድል አለው። ሌላም ጥሩ ምክንያት አለ፤ ዩኔስኮ የኅዳር ወርን ሦስተኛ ሐሙስ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ማለቴ ነው፣ የዓለም የፍልስፍና ቀን አድርጎ ያከብራል። ቀን ያለው ነገር ስፖንሰር ለማግኘት ይቀለዋል።

ከአገር ውጭ ደግሞ ለማንኛውም የትምህርት ክፍል ክፍት የሆኑ ውድድሮች አሉ። ሃልት ፕራይዝ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ማኅበራዊ ችግር የሚፈታ የንግድ ሐሳብ የሚያቀርቡበት ሲሆን የመጨረሻው ሽልማት 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ላሉ ጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎች 5,000 ዶላር መነሻ ይሰጣል። ሁለቱም የሚፈልጉት ግን ራሱን የሚያስተዳድር ንግድ ነው። የወንድሜ የቅዳሜ ውይይት ንግድ ስላልሆነ እዚያ አይገባም፤ ጥያቄዎቹን የቤተሰብ መጫወቻ ካርድ አድርጎ ቢሸጥ ግን ይገባ ነበር። ስለዚህ በሩን ከማንኳኳት በፊት የማን በር እንደሆነ ማየት ይበጃል።

አሜሪካ የሚማር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩት። ፕሮጀክትስ ፎር ፒስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ካትሪን ዴቪስ የተባሉ ሴት 100ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ለ100 የተማሪ ፕሮጀክቶች ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር በመስጠት ነው። በአባል ኮሌጆች የሚማር ተማሪ ያመለክታል፤ ፕሮጀክቱንም በትውልድ አገሩ ጭምር መሥራት ይችላል። ዋትሰን ፌሎውሺፕም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በአባል ኮሌጆች የሚመረቁ ተማሪዎች ራሳቸው የነደፉትን ሐሳብ ይዘው አንድ ዓመት ከአሜሪካ ውጭ እንዲኖሩ ይደግፋል። የተማሩት ፍልስፍና ይሁን ፊዚክስ አይጠይቅም። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚኖሩ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ቢያንስ አምስት ወጣቶች ደግሞ በዩሮፒያን ሶሊዳሪቲ ኮር በኩል ከ2 እስከ 12 ወር ለሚቆይ የአካባቢያቸው ፕሮጀክት ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።

መስፈርቶች ከዓመት ዓመት ስለሚለወጡ ማመልከቻ ከመሙላት በፊት የዘንድሮውን ጥሪ አንብቡ። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ «ተመርጠሃልና ገንዘቡ እንዲለቀቅ መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል መልእክት ከመጣ ሌባ ነው። እርዳታ የሚሰጥ ሰው እርዳታ ከሚቀበለው ገንዘብ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ጠዋት

በአንዷ ገጽ ምን ተገኘ? ዩኒቨርሲቲው ደብተሩን፣ እስክሪብቶውንና ፎቶ ኮፒውን ቻለ። የሰፈራችን እድር አዳራሹን ቅዳሜ ጠዋት በነጻ ፈቀደ። የቀረው 12,000 ብር ነበር። አንድ የመጻሕፍት መደብር ባለቤት ገጿን እዚያው ቆመው አንብበው 7,000 ሰጡ። 5,000ው ቀረ።

እሱን ማን እንደሸፈነው ወንድሜ የነገረኝ ቆይቶ ነው። አባባ ከጡረታቸው አውጥተው በፖስታ ሰጡት። «ደረሰኝ አምጣልኝ» ብለው ብቻ። ልጁም በየሳምንቱ የዳቦውን ደረሰኝ እያመጣ አስረከበ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። የእድሩ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል፤ የልጆቹ እግር መሬት አይነካም። ሰሌዳው ላይ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ተብሎ ተጽፏል። ጥያቄው «እውነት ነው?» የሚል ነው።

አንድ ልጅ «እውነት ነው፤ ምክንያቱም ልጅ ሊጥ አይችልም» አለ። ሌላው «እኔ እችላለሁ» ብሎ ተከራከረ። ወንድሜ አያስተምርም፣ አይፈርድም፤ «ለምን እንደዚያ አልክ?» ብቻ ይላል። በመጨረሻ እስከዚያ ዝም ብላ የነበረች፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጇን አወጣች።

«ለእራት ያልበቃው ዱቄቱ ትንሽ ስለሆነ ነው» አለች። «ዱቄቱን የሰጠው ደግሞ ትልቅ ሰው ነው።»

አዳራሹ ዝም አለ። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። የማደርገው ጠፋኝና ሻይ መቅዳት ጀመርኩ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ለእነዚያ የማረሚያ ቤት ፕሮጀክት ተማሪዎች መደወል ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ። አንደኛው ተመርቆ ወጥቷል፤ ሁለቱ ግን ሐሳቡን አልጣሉትም ነበር። አለቃዬን አሳምኜ ለየትኛውም የትምህርት ክፍል ተማሪ ክፍት የሆነች፣ አራቱን ጥያቄዎች ብቻ የምትጠይቅ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀን። በጀቱ ትንሽ ነው። የዘመዶቼን ማመልከቻ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ለማይሳካላቸውም መልስ እንጽፋለን።

ወንድሜ ዘንድሮ የመውጫ ፈተናውን ወስዶ ይመረቃል። ሥራ ያገኝ እንደሆነ አላውቅም፤ የምታስቡትን ያህል ቀላል አይሆንም። አባባም «ምን ልትበላበት ነው?» ማለታቸውን አልተዉም። አሁን ግን የሚጠይቁት ራሱን ነው፤ መልሱንም መነጽራቸውን አድርገው ያዳምጣሉ።

እናንተስ ቤት ያለው ልጅ ምን እያቦካ ነው? የዚህን እሑድ ቡና ስትጠጡ ጠይቁት። ከመሳቁ በፊት፣ ዱቄቱ ስንት እንደሚበቃው አብራችሁ አስሉ።